አየር ልቀበል ወጥቼ

በዚህ አገር ሰው ወደ ፈለገበት መሄድ ይችላል፤ ምክንያት ይኑረው እንጂ። ለቅሶ ነው ካለ ገደል ቢሻገር ማንም አይጠይቀውም። ሙግት ነው ካለ ዓመት ሙሉ ቤቱን ዘግቶ ቢከርም ስንቅ ታስሮለት፣ እግዚአብሔር ይፍረድልህ ተብሎ ይሸኛል። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለገበያ፣ ለጠፋ በሬ ፍለጋ መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። ያለ ምክንያት ከቤቱ የወጣ ሰው ግን ወይ ሰው ገድሏል፣ ወይ ሊያብድ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። አራተኛ ነገር የለም። እኔ እንግዲህ ይህን አራተኛ ነገር ለአገራችን ላስተዋውቅ ቆርጬ የተነሣሁ ሰው ነኝ። ምን እንደ ደረሰብኝ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ሆሳዕና ዳኛ ቤት ጸሐፊነት ነው። ሰው ሲጣላ እጽፋለሁ። ሲታረቅም እጽፋለሁ፤ ለሱ ግን ብዙ ቀለም አይፈጅብኝም። አንዱ ድንበሬን ገፋ ይላል፣ ሌላው እንሰቴን ነቀለ ይላል፣ ሦስተኛው ምን እንደ ተደረገበት እንኳ ሳይነግረኝ ብቻ ተበደልኩ ብሎ ያለቅሳል። ይህን ሁሉ ስሰማ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ሞልቶ ይፈስሳል። ወይዘሮ በለጠች፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት እጄን አነሣና ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እላታለሁ። ነገ ደግሞ ያው ዛሬ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ያኔ አልያዝኩትም ነበር።

ከዳኛ ቤቱ አጠገብ አቡጀዴና ሚስማር የሚሸጥ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበረ። አንድ ቀን ጠዋት ግንባሬን በሁለት እጄ ይዤ ሲያየኝ አዘነልኝና ስለ አገሩ ነገረኝ። በነሱ አገር ሰኔ ሲመጣ የተከበረ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ተራራ ላይ ወዳለ ከተማ ይወጣል አለኝ። ምን ሊያደርግ? ምንም። ጸበል አለ? የለም። ዘመድ አለው? የለውም። ታዲያ? ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ሩቅ ያያል፣ አየሩን በረጅሙ ይስባል፣ በረጅሙ ያወጣል፣ ጉንጩ ሞልቶ ይመለሳል። የሚያርስለት ማነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

እናንተዬ፣ ምንም አለማድረግ እንደ ማዕረግ ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልቤ ቅቤ ጠጣ። በዚያው ቀን ከዳኛው ፈቃድ ጠየቅሁ። የሙሴ ያኒ ሰኔ ፀሐይ የሚወጣበት፣ የኛ ሰኔ ደግሞ ሰማይ የሚቀደድበት መሆኑ ትዝ ያለኝ መንገዱን አጋምሼ በበርኖሴ ውስጥ ውሃ መውረድ ሲጀምር ነው። ግን ቆርጬ ተነሥቻለሁ፤ ቆርጦ የተነሣ ሰው ደግሞ ዝናብ አይመልሰውም።

ለበለጠች ነገሩን ስነግራት ቀና ብላ የማድ ቤቱን ክዳን አየች። ሣሩ ረግፎ በሁለት በኩል ሰማይ ይታያል። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "እንደ ፈቀዱ" አለችኝ። እኔም ፈቀደች ብዬ በቅሎዬን ጫንኩ። ሚስት ያላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ እንደሳቃችሁብኝ ይታወቀኛል።

የሄድኩት ከአንጋጫ በላይ፣ አምበሪቾ ተራራ ጥግ ነው። እዚያ አባ ሄራሞ የሚባሉ የከምባታ ሽማግሌ አሉ። የመሬት ሙግታቸውን ስጽፍ ተዋውቀን፣ ባገኙኝ ቁጥር መቼ ነው ቤቴን የምታየው ይሉኝ ነበር። እነሆ ሳይጠሩኝ፣ የራሴን ቁርበትና ጋቢ በበቅሎ ጭኜ ደጃቸው ደረስኩ። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ባለቤታቸው ቡላ በቅቤ ሠርተው አቀረቡ፤ እኔም ምንም ላለማድረግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከዚያው መሰብሰብ ጀመርኩ።

አባ ሄራሞ ገና እየበላሁ መጠየቅ ጀመሩ። የሞተ ሰው አለ? የለም። ሙግት አለብህ? የለብኝም። ሊሾሙህ ነው? ኧረ ማን አስቦኝ። ከዚያ ስለ በለጠች ጠየቁኝ። አፌ ቡላ ሞልቶ ነበርና ደህና ናት ብዬ በአጭሩ መለስኩ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። እኔ እንግዳ ተቀባይነታቸው ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ ከቤቱ በላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ሲገለጥ በሩቅ ሆሳዕና ያለችበት ሰማይ ይታያል። ወደዚያ ዞሬ ሙሴ ያኒ እንዳዘዘኝ አየሩን በረጅሙ ሳብኩ፤ "እህህ" ብዬ በረጅሙ አወጣሁ። ደገምኩት። በእውነት ደስ ይላል። ከሰዓትም ወጣሁ። በነጋታውም። ራስ ምታቴ ለቀቀኝ፤ ስበላ ጣዕሙ ይሰማኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር እያለ የአገሬ ሰው ሁሉ እንዴት እየተካሰሰ ይኖራል እያልኩ አዘንኩለት።

ለካ የሚታዘንለትስ ሌላ ሰው ኖሯል። ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየመጣ ከጎኔ ቁጭ ይል ጀመር። ሰላም ይለኛል፣ ወደማየው ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሄዳል። አንድ አዛውንት ትከሻዬን ነካ አድርገው ሁሉም ያልፋል አሉኝ። ስለ ደመናው መስሎኝ አዎን፣ ያልፋል አልኳቸው። አንዲት እናት ደግሞ አይብ በቅጠል ጠቅልለው አምጥተው፣ ሆድ የባሰው ሰው ካልበላ ይጎዳል ብለው አጠገቤ ቆመው አበሉኝ። ምን ያለ ደግ አገር ነው አልኩ።

በመጨረሻ አባ ሄራሞ ራሳቸው መጡ። ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የመጣኸው፣ ከኔ አትደብቅ አሉኝ። አየር ልቀበል ነው አልኳቸው።

"ሆሳዕና አየር የለም?" አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዳኛ ቤት ስኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። የሙሴ ያኒን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘርዝሬ አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝና ያ ግሪክ ሚስት አለችው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለችው፣ ግን አገሩ ናት አልኩ። በባሕር ማዶ ትቷት ነው የመጣው? አዎን። አባ ሄራሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ለሳቸው አልቋል።

ከሚስቴ እንዳልተጣላሁ ማልኩ። ሳይጠይቁኝ ማልኩ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ነገር አለበት። ደግሞስ ማስረጃውን እንየው እስኪ። ሰውዬው መኝታውን ጭኖ ከቤቱ ወጥቷል። ስለ ሚስቱ ሲጠየቅ በአጭሩ መልሷል። ጠዋትና ማታ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤቱ እያየ እህህ ይላል። እንኳን አባ ሄራሞ፣ እኔም ብሆን እፈርድበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ማለዳ ድንጋዬ ላይ ሆኜ ሳለ አባ ሄራሞና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ዘንግ ይዘው፣ ጋቢ ደርበው ቁልቁል ሲወርዱ አየሁ። ገበያ ነው ብዬ ከላይ ሆኜ ጮክ ብዬ እግዚአብሔር ያሳካላችሁ አልኳቸው። ሦስቱም ቆብ አውልቀው አሜን አሉ። አንዱማ ዓይኑን ጠረገ። ሰው ለገበያ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም አየሬን መሳብ ቀጠልኩ።

የሄዱትስ ለካ ቤቴ ኖሯል። ሽማግሌ ሲላክ ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ እሺ ካልተባለ ቤት አይገባም፣ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ሆሳዕና ደርሰው በዝናብ ደጃፌ ላይ ቆሙ። በለጠች ወጥታ ግቡ እንጂ ብትላቸው ይቅር በይና እንገባለን አሏት። ማንን? ባልሽን። ምን አደረገኝ? እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱ አልናገር ብሎ ሆዱ ሊፈነዳ ነው አሏት። አልተጣላንም ብትል እሱም እንዲሁ ነው የሚለው አሉና ተያዩ። ውሃው በጋቢያቸው ይወርዳል። የሷም አንጀት አልቻለም። ይቅር ብያለሁ ብላ አስገባቻቸው፤ እሳት አነደደችላቸው። የማድ ቤቱ ክዳን እያንጠባጠበ እሳቱን ሁለት ጊዜ አጠፋባት። ያኔ አባ ሄራሞ በለዘበ ድምፅ፣ አሁን ንገሪን፣ ምን በደለሽ አሏት።

በለጠች ከሽማግሌዎቹ ጋር በሰው በቅሎ ላይ ሆና፣ ጃንጥላ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ከድንጋዬ ላይ አየኋት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሲቀርቡ ፊቷን አየሁና ደስታዬን ዋጥኩት።

ትልቁ ጽድ ሥር ተቀመጥን። አባ ሄራሞ ክርስትና ከተነሡ ወዲህ ጾም ከኔ ይልቅ ያጠብቃሉ፤ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባልና የእርቁ በግ ቅዳሜ ካልታረደ ነገሩ ሊበላሽ ነው ብለው አጣደፉን። እኔ ተነሣሁና ይህ ሁሉ ስሕተት ነው፣ ጠብ የለም፣ እሷም ትመስክር አልኩ። በለጠች ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጠብስ አልነበረንም" አለች። "ግን ከተጋባን ጀምሮ ምን በደለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲጠይቁኝ ጊዜ ትዝ አለኝ።"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። የማድ ቤቱ ክዳን መጣ። ክዳኑ ይጠገን ስትለኝ የገዛሁት የበቅሎ ኮርቻ መጣ። የአገሩን ሁሉ በደል ስሰማ ውዬ የሷ ሲሆን ደክሞኛል የምለው መጣ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ፣ ክረምት ሲገባ እሷን ከሚያንጠባጥብ ቤት ጥዬ እኔ አየር ልቀበል ስሄድ፣ አንቺስ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ አለመጠየቄ መጣ። ደሜ ፈላ። አንቺም እኮ ብዬ ጀመርኩ። እሷም አንቱታው ከአፏ ወድቆ አንተም ብላ ቀጠለች። እኔ ጮኽኩ፣ እሷ ጮኸች፤ አምበሪቾ ራሱ መለሰልን። በትዳራችን እንዲህ ተጣልተን አናውቅም። ዞር ብዬ ባይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊታቸው በርቷል። አላልናችሁም? አሉ ለተሰበሰበው ሰው። ሆዱ ውስጥ የነበረው ይኸው ወጣ።

ምን ላድርግ? ጠብ የለም ብዬ እንዳልከራከር ሰው ፊት እየተጣላሁ ነው። ስጨርስ ግን በለጠች አለቀሰች፤ ያኔ ንዴቴ ጥሎኝ ሄደ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ፍርዱ አጭር ነበር። በጉ የኔ ነው። ክዳኑም የኔ ነው። እኔ ነገ ወርጄ ማድ ቤቱን እከድናለሁ፤ እሷ ክዳኑ እስኪያልቅ አባ ሄራሞ ቤት ትቆያለች። ክዳኑ ሳያልቅ ትመጣለች ብለህ ተስፋ እንዳታደርግ አሉኝ፤ ከእንግዲህ ወገንነታቸው ለኔ ሳይሆን ለሷ ነው።

ወረድኩ። በሰኔ ደረቅ ሣር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሆመቾ ድረስ ለምኜ አገኘሁ። ክዳኑ ላይ ወጥቼ በዝናብ ስታገል፣ የሆሳዕና ጎረቤቶቼ ወይዘሮ በለጠች ቤቱን ጥላ ሄዳለች ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፌ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ግቡ ብላቸው እሺ ካላልክ አንገባም አሉ። አልተጣላንም ልል አፌን ከፈትኩና ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ካልገባችሁስ ቆማችሁ አትዋሉ፣ ያንን ሣር አቀብሉኝ አልኳቸው። አቀበሉኝ። በነሱ እጅ ማድ ቤቱ አለቀ፤ ጠብታ የማያሳልፍ ሆነ።

ወዲያው ለበለጠች ቤቱ ደርቋልና ነዪ ብዬ ሰው ላክሁባት። መልካም ነው ብላለች አሉኝ፤ ሌላ ነገር አላለችም። ሳምንቱ አለፈ። እኔ በደረቅ ማድ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የሷን ድምፅ ናፈቅሁ። ዛሬ ደክሞኛል የምላት ሰው አጣሁ፤ ይህን ያህል ዓመት የዘጋሁት ጆሮ ክፍት ሆኖ የሚገባበት ጠፋ።

አባ ሄራሞ ለጉዳይ ሆሳዕና ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ስለሷ ጠየቅኋቸው። ደህና ናት፣ ጉንጯ ሞልቷል አሉኝ። ጠዋትና ማታ ያንተ ድንጋይ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ሆሳዕና ዞራ ትቀመጣለች፣ በረጅሙ እህህ ትላለች አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። ናፍቄያታለሁ! ሆድ ብሷታል! ታዲያ አባቴ ሽማግሌ ሰብስባችሁ አታስታርቁንም እንዴ አልኳቸው።

አባ ሄራሞ በመገረም አዩኝ።

"ለምን ብለን?" አሉ። "አየር እየተቀበለች ነው።"