በእሽቅድምድም መኪና ለቀብር

ደህና የሚሠራ ዕቃ ፈትቶ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። የእናንተው ምናልባት ሬዲዮ ወይም የግድግዳ ሰዓት ፈትቶ ይሆናል። እሱስ ቀላል ነው፤ ሬዲዮው ዝም ይላል፣ ሰዓቱ ይቆማል፣ ኑሮ ይቀጥላል። የእኛው ግን መኪና ፈታ።

የእኛው የምለው ስመኘው ነው፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ፒያሳ ላይ አምፖልና ሶኬት ይሸጣል፣ ልቡ ግን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚውለው። ሚስት ሲያገባ አባቱ አያ ዘለቀ፣ የወገራ ገበሬ ናቸው፣ አንዲት ሸጋ በቅሎ ሰጥተውት ነበር። ስመኘው በቅሎዋን ሸጠና ያረጀች ግን ጤነኛ አውቶሞቢል ገዛ። አያ ዘለቀ ይህን የሰሙ ጊዜ አልተቆጡም፣ አልረገሙም። ዝም ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው እንኳ ለልጃቸው የሚሉት ነገር ካለ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። "ጨውን ያቀብለኝ በለው" ይሉኛል፣ ልጁ ክርናቸው ሥር ተቀምጦ። እኔም እላለሁ። ምን ላድርግ፣ አማች ነኝ።

በዚህ መሀል ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ሊደረግ ነው የሚል ወሬ መጣ። ስመኘው ያቺን ጤነኛ መኪና እኛ ግቢ አስገብቶ ገነጣጠላት። ፒስተኖቹን ለወጠ። የሞተሩን ክዳን፣ መካኒኮቹ ቴስታታ የሚሉትን፣ በማሽን አስላጨው፤ "ሲሳሳ ጉልበት ይጨምራል" አለኝ። እኔም አንድ ሰሞን ሳስቼ ነበር፣ የጨመረልኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም። ቀጥሎ ካምቢዮውን አውርዶ ቶሎ እንድትፈተለክ ማርሾቹን አስቀየረ። ኩርባ ላይ እንዳትወዛወዝ ደግሞ ሞላዎቹን አውጥቶ አጫጭርና ደረቅ ሞላ ከተተባት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የኋላ ወንበሯንም ክብደት ነው ብሎ ነቅሎ ጣለው። ስትሞከር አብሬው ከቀሐ እስከ ፒያሳ ሄጄ፣ የኮብልስቶኑን ድንጋይ አንድ በአንድ ተዋወቅሁት። ድምፅዋንማ አትጠይቁኝ።

የውድድሩ ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ መኪናዋ ከግቢ ልትወጣ ስትል የአያ ዘለቀ ስልክ ጮኸ። ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። የልጅነት ጓደኛቸው አያ አድማሱ አርፈው፣ ቀብሩ ረፋዱ ላይ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በሩ አመሩ። መናኸሪያ ለሚሠራ ጎረቤቴ ብደውል፣ ሰው ስላልሞላ የሚነሣ መኪና የለም አለኝ።

ስመኘው ሄልሜቱን አድርጎ መሪው ላይ ነበር። አወለቀው።

"ጋሼ፣ ይግቡ በላቸው" አለኝ።

"ውድድሩስ?"

"ይግቡ በላቸው።"

አያ ዘለቀ ፊት ተቀመጡ፤ ልጁ በትከሻና በወገባቸው በሚያልፈው ቀበቶ እንደ ጭነት ጥፍር አድርጎ አሰራቸው። እኔ ከኋላ ባዶው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ መለዋወጫ ጎማውን አቀፍሁ። ያን ሁሉ ጩኸት አልፌ ማስተርጎምም ነበረብኝ።

"ቀስ ይበል በለው!"

"ቀስ በል ይሉሃል!"

"ቀስ ካልን ሳንደርስ ይቀበራሉ በላቸው!"

ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያ ይንዳ በለው" አሉ።

ነዳ። የኮሶዬን ዳገት ስንጀምር ከፊታችን የተጫነ ከባድ መኪና ይንፏቀቃል። ስመኘው መንገዱን አይቶ ወጣና አለፈው፤ ያ ሁሉ ወር የተለፋበት ሞተር ያን ጊዜ ገና ነቃ፣ ጀርባዬ ከኋላው በር ጋር ተጣበቀ። ወዲያው ማርሽ ሲቀይር ግን መኪናዋ ላላ አለች። አያ ዘለቀ ዞር አሉ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው።

"ምነው ቀየርኸው? ሸጋ አድርጋ እየወጣች!"

ስመኘው ማርሹን ወደ ታች መለሰው። መኪናዋ እንደገና ሳበች።

"እንዲህ ነው" አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ፈታሁ። አባት ስለ ሞተሩ ይጠይቃሉ፣ ልጅ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይመልሳል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ሲታይ ስመኘው ሞተሩን አጠፋ። የለቅሶ ሰው እንዳይረበሽ ቁልቁለቱን በዝምታ ተንከባለልን፣ ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀው። ሬሳው ገና ከቤተ ክርስቲያኑ መውጣቱ ነበር። አያ ዘለቀ ቀበቶው ተፈቶላቸው እንደወረዱ ወደ ቃሬዛው ሄደው እንጨቱን ያዙና አለቀሱ፤ ደርሰው አለቀሱ። በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በምን እንደመጡ ሲጠይቋቸው "ልጄ አመጣኝ" ሲሉ ሰማሁ። ስመኘውም ሰማ። ወደ ውጭ ወጥቶ የተፋቀውን ቆርቆሮ ለማየት መሬት ላይ ተኛ፤ ከተገቢው በላይ ቆየ።

ልንመለስ ስንል አያ ዘለቀ እስከ መኪናዋ ሸኙን። እዚያው አስተዛዝነው ሊሰነብቱ ነው።

"ቅዳሜ ና ውሰደኝ" አሉት። "ቀስ ብለህ ነው ታዲያ።"

"እሺ አባባ።"

ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

"ዳገት ላይ ግን እንዳታባብላት።"

እኔ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ብያለሁ።