ተዋናዩን ለመጨበጥ ሽማግሌ ላክሁ

ሰው ሰውን ከልቡ ሲወድ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ይደፍራል፣ ወይ ይፈራል። ደፋሩ ሄዶ አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ ፈሪው በር ላይ ቆሞ የገዛ ጫማውን ያያል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልግም። በበጋ ዣንጥላ የምይዝ፣ መታወቂያዬን በፌስታል ጠቅልዬ በደረት ኪሴ የማኖር፣ መኪናው በሦስት ሰዓት ይነሣል ከተባልሁ በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ የምገኝ ሰው ነኝ። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል። እውነት ነው፣ የእኔ እናት በእኔ አላለቀሰችም። የሳቀችበት ቀን ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ እንደዚህ ያለ ሰው ተዋናይ ቢወድ ምን ይሆናል? እስቲ ልንገራችሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛም ደወል ደዋይም ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ነገር ግን ተማሪዎች ድራማ ባሳዩ ቁጥር አዳራሹን የምቆልፍ እኔ ነበርሁ፤ ለመቆለፍ ደግሞ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። ሌላው በዲግሪ የሚያገኘውን እኔ በቁልፍ አገኘሁት ማለት ነው። የቴያትር ፍቅር እንዲህ አድርጎ ያዘኝ፤ ከያዘኝም አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ተዋናይ የመጣብኝ። ከባሕር ዳር ወደ እኛ አገር ብቅ ከሚል አንድ ቡድን ጋር ነው የሚመጣ። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራው ወደ ኋላ ይገባችኋል። ሁልጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወታል። አሁን ይዞት የሚዞረው ቴያትር ላይ ጠበል ከርሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባወራ ነው። እሱ ጠበል ሳለ ልጆቹ በሬውን ሸጠውታል። እሱ ግን ይህን አያውቅም፤ በረቱ ደጃፍ ቆሞ በሬውን በስሙ «ቦራ!» ብሎ ይጣራል። መልስ የለም። «ቦራ!» ይላል ደግሞ። ሦስተኛውን ሲጣራ ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አውቆታላ! በሬ ኖሮኝ አያውቅም፤ ቢሆንም እዚያች ላይ ስደርስ በሬዬ የተሸጠብኝ ያህል አለቅሳለሁ። እስከ በቀደም ድረስ ይህን ቴያትር በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አራት ጊዜም ከአዳራሹ ወጥቼ ተዋናዩን ሳልጨብጥ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ።

በቀደም ቅዳሜ ቡድኑ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ግን ቆረጥሁ። ዕድሜዬ እየሄደ ነው፤ እነሱም በማግስቱ እሑድ ቡሬ አሳይተው ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ፤ ደግመው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። አሁን ካልጨበጥሁት መቼ ልጨብጠው ነው?

ቴያትሩ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የሚገርመው፣ በዚያ ቀን በሬውን የተጣራው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ምን ነካው ብዬ ደነገጥሁ፤ ቢሆንም ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ በጓሮ በር ሄጄ ቆምሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጢም የሌለው ጎልማሳ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ወጣና ከፊቴ ቆመ። ደህና አድርጎ ጋረደኝ። «ልጄ፣ እባክህ ትንሽ ፈንጠር በልልኝ፤ ሽማግሌው ሲወጡ እንዳያመልጡኝ» አልሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እሺ አባቴ» ብሎ ፈንጠር አለና ሄደ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ቆምሁ። በመጨረሻ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ቁልፍ ይዛ መጣችና «አያ አንሙት፣ ማንን ይጠብቃሉ?» አለችኝ። ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ ጭና «ውይ በሞትሁት! ፈንጠር በል ያሉት ማንን መሰለዎት?» አለች።

ጢም በሙጫ እንደሚለጠፍ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። አሳምሬ አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል፤ ዓይኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲጠብቅ ኖሮ ጎልማሳ ቢያመጡለት አልቀበልም አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ውርደት አለ? በአገሩ የምወደው አንድ ተዋናይ እሱ፤ ያነጋገርሁት አንድ ቃል ደግሞ «ዞር በል»!

እሑድ በማለዳ በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ። በማንኩሳ በኩል ስናልፍ ልቤ እንደ ድሮ ደወሌ ይደውል ነበር። ቡሬ ልጄን ለልጁ የዳርሁለት አማቼ ቢያድግልኝ አለ። ጉዳዬን ሁሉ ዘርግፌ አጫወትሁት። እንባው እስኪወርድ ከሳቀ በኋላ «ታዲያ ዛሬ ሄደህ አትጨብጠውም?» አለኝ። ትናንት ዞር በል ያልሁትን ሰው ዛሬ በምን ፊቴ? አልሁት። ቢያድግልኝ አሰበና «እንግዲህ ሰው በራሱ ያልቻለውን በምን ያደርገዋል? በሽማግሌ ነዋ!» አለ።

አሁን እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኛ አገር ግን ሚስት የሚጠየቅ በሽማግሌ፣ ጠብ የሚበርድ በሽማግሌ፣ ድንበር የሚለይ በሽማግሌ ነው። ለአንድ ሰላምታ ሽማግሌ አይላክም የሚል ሕግ የት ተጽፏል? ቢያድግልኝ ጎረቤቱን መሪጌታ ጥበቡን ጠራ፤ ሌላም አንድ ሽማግሌ ጨመሩ፤ ሦስት ሆኑ። ከሦስቱ ቴያትር የሚባል ነገር በዓይኑ ያየ አንድም የለም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቡድኑ ወዳረፈበት ሆቴል ተጓዙ። እኔ በደንቡ መሠረት በሩ ላይ ቀረሁ፤ ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይገባማ! ከግንቡ ምሰሶ ኋላ ሆኜ እመለከታለሁ።

እኛ ያላወቅነው ነገር ነበር። ኋላ እንደሰማነው፣ ተዋናዩና የቴያትሩ አዘጋጅ ለካ በዚያ ቅዳሜ ተጣልተዋል። ሰዓት አጥሯል ብሎ «ቦራን አንድ ጊዜ ብቻ ጥራ» ያለው አዘጋጁ ነው። ተዋናዩም «ሦስት ጊዜ ካልጠራሁት ከእናንተ ጋር የለሁም» ብሎ ሻንጣውን ሸክፎ፣ የቀኑን አውቶቡስ ሊጠብቅ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እሱ ከሄደ የቡሬው ቴያትር ቀረ ማለት ነው። ሽማግሎቼ የደረሱት በዚህ መካከል ነው።

ተዋናዩ ብድግ ብሎ ተቀመጡ አላቸው። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እሺ ሳይባልም ጉዳዩን አይናገርም። ቢያድግልኝ «ልጃችን፣ ልንለምንህ ነው የመጣን፤ እሺ ካላልኸን አንቀመጥም» አለው። ማን ላካችሁ ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ቀጠሉ፤ «የላከንማ የሚወድህ፣ የሚያከብርህ ሰው ነው። ትናንት ሳያውቅ አስቀይሞሃል። ፊትህን ማየት አፍሮ ይኸው በር ላይ ቆሟል» አሉት።

ተዋናዩ ወደ በሩ አየ። በበሩ ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? እኔማ ምሰሶ ኋላ ነኝ! አዘጋጁ ነው፤ የመድረክ ዕቃ የጫነውን ባጃጅ ገመድ ለመፍታት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ለተመለከተው የተጸጸተ ሰው ቁርጥ እሱን ይመስላል።

ተዋናዩ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እሱ ከላካችሁማ እሺ፤ ለእናንተም ስል፣ ለእሱም ስል ትቼዋለሁ» ብሎ ሽማግሎቹን አስከትሎ ወደ በሩ ገሰገሰ። አዘጋጁ ቀና ሲል የተጣላው ጓደኛው ሦስት ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ አየ። ምን ያስብ? «አንተ! ለእኔ ሽማግሌ ታመጣልኛለህ? እኔ አይደለሁም እንዴ ያጠፋሁት!» ብሎ ገመዱን ጥሎ ተጠመጠመበት። ሁለቱም ተላቀሱ። ሦስት ጊዜ ትጠራዋለህ፣ ከፈለግህ አሥር ጊዜ ጥራው አለው አዘጋጁ። ሽማግሎቼ እርስ በርስ ተያዩ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ አንዳቸውም አልገባቸውም። ሽማግሌ ግን አልገባኝም ብሎ አያውቅም። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉና መረቁ፤ ሁለቱ አሜን አሉ፤ ባለባጃጁም አሜን አለ፤ ምሰሶው ኋላ ያለሁት እኔም ሳላስበው አሜን አልሁ።

ወዲያው ቢያድግልኝ ወደ ጥግ ጎተተኝ። የነገሩን ውል እሱ ቀድሞ ይዞታል። «ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለኝ፤ «ሁለቱም የታረቁት እሱ ሽማግሌ ላከልኝ ብለው ነው። ላኪው አንተ መሆንህን፣ ያውም እጅ ለመጨበጥ ብለህ መሆኑን ቢሰሙ፣ በኀፍረት ያ ሻንጣ ተመልሶ ይወጣል። አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!» መሪጌታም ከኋላው ሆነው «ምርቃቴን እንዳታፈርስብኝ» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አፌን ቆለፍሁት፤ መቆለፍ እንደሆነ ሙያዬ ነው። የተዋናዩን ስም ያልጠራሁላችሁም ለዚሁ ነው። እርቁ እስከ ዛሬ እንደጸና ነው።

ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ቴያትር ግን በምን ቃል ልንገራችሁ? «ቦራ!» አለ፤ አዳራሹ ጸጥ። «ቦራ!» አለ፤ ከጎኔ ያለች ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሦስተኛውን ሲጣራ ዣንጥላዬ ከእጄ ወደቀ፤ ቢያድግልኝ፣ ያ ሲስቅብኝ የዋለው ቢያድግልኝ፣ «ወይኔ በሬው!» ብሎ ጮኸ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብሁ። ይህች ሦስተኛ ጥሪ ያለ እኔ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፋ ባሕር ዳር ገብታ ነበር፤ ይህን የምናውቅ ግን እኔና ሦስት ሽማግሎች ብቻ ነን።

እንዳለቀ ተዋናዩ ሽማግሎቹን ካልሳምሁ ብሎ ልብስ ወደሚቀይሩበት ክፍል አስጠራቸው። ቢያድግልኝ ክንዴን ይዞ እኔንም አስገባኝ። አራት ዓመት የናፈቅሁት ሰው፣ ጢሙን ግማሽ ነቅሎ ግማሹ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከፊቴ ቆሟል! አዘጋጁ ከጎኑ ውሃ ይዞለታል። የሦስቱን ትከሻ ሳመና ወደ እኔ ዞረ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሞቃት እጅ ነው። እኒህ አባትስ ማን ናቸው አለ። ቢያድግልኝ «አማቼ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ለእንግድነት መጥቶ ነው» አለው።

አዘጋጁ ወዲያው ዓይኑን ጣለብኝ። «ከፍኖተ ሰላም? እኛም እኮ ትናንት እዚያው ነበርን፤ ይህን ቴያትር አይተውት ነበር እንዴ?» አለ። አየሁት ብል፣ በማግስቱ ለዚሁ ቴያትር እስከ ቡሬ ምን አስመጣዎት ይለኛል፤ እሱን ብመልስ፣ ነገሩ እየተመዘዘ ሽማግሎቹ ላይ ይደርሳል። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቢያድግልኝ እግሬን ረገጠኝ።

«የለም ልጄ» አልሁ፤ «እኔ እንኳ ቴያትር ብዙም አልወድ።»

የተዋናዩ ፊት ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ዛሬስ እንዴት አገኙት አለኝ። እንባዬ ገና ጉንጬ ላይ አልደረቀም። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁና «ደህና ነው» አልሁት።

አዘነልኝ መሰለኝ፤ በጣም በትሕትና፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ሆኖ «አይፍረዱብን አባቴ፣ ቴያትር በአንድ ቀን አይለመድም፤ ከርሞ ስንመጣ አንድ ጊዜ እንኳ ደግመው ይዩኝ፣ ይወዱት ይሆናል» ብሎ ለመነኝ።

«እስቲ፣ ጊዜ ካገኘሁ» አልሁት።