የአቶ ይርዳው ጥፋት

ሰው ሁሉ ጥፋቱን በሌላው ላይ ያላክካል የሚሉትን አትስሟቸው። በየከተማው ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ የማንም ያልሆነ ጥፋት መንገድ ላይ ወድቆ ካገኘ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ «ይቅርታ፣ የኔ ነው» የሚል። የሸሕዲው አቶ ይርዳው ይባላሉ። ሰሊጥ አራሽ፣ የወይዘሮ አሰበች ባል፣ የከተማው ጠቅላላ ጥፋት ባለቤት።

ገበያ ላይ እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ። «እግሬን እዚህ ማን አስቀምጥ አለኝ!» ይላሉ፣ እያነከሱ። ለቅሶ ቤት ሲገቡማ አያድርስ ነው። «ታሞ ሳልጠይቀው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ስቅስቅ ሲሉ ባሏ የሞተባት ሴት ተነሥታ እሳቸውን ታባብላለች። አንድ ጊዜ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲሄዱ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ አቶ ይርዳው ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁርስ ደግሜ ነው የተሳፈርሁ» አሉ። ይህቺ ንግግር ያልዞረችበት አገር የለም፤ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሳይቀር ያውቃታል።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ባየልኝ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንገድ ይለውጣሉ እየተባለ ይታማል። ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። አንድ ዓመት መስከረም ላይ አቶ ይርዳው አስቁመዋቸው፣ «አባ፣ ሰሊጤ እንዲደርቅልኝ ፀሐይ ለምኜ የጎረቤቴን ማሽላ አስጠማሁት» አሏቸው። ቄሱም «ልጄ፣ ደመናውን ለፈጣሪ ተውለት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ፖሊስ ጣቢያም የታወቁ ደንበኛ ናቸው። ባጃጅ በተገለበጠ ጊዜ «ሹፌሩ ዞር ያለው እኔ ሰላም ብየው ነው» ብለው ቃል ሊሰጡ መጡ። ሳጅን አሸናፊ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። «አባባ፣ ሕግ የሚጠይቀው የሠሩትን ነው፤ የተሰማዎትን አይደለም» ብሎ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ታዲያ ዘንድሮ በጥቅምት መጨረሻ የሐጂ ኸሊፋ ሰሊጥ ተቃጠለ። ሐጂ ገበያው ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ እርሻቸው ከአቶ ይርዳው ማሳ ጋር ይዋሰናል። ታጭዶና ታስሮ፣ እንዲደርቅ የቆመው ነዶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ነደደ። ከአጫጆቹ መካከል ያረጋል የሚባል ጎጃሜ ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ «ይኸ ምግብ ነው ወይ?» ብሎ ከሐጂ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር። ይህ በቅቶ ያረጋል ታሰረ።

ከተማው ሁሉ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ወደ አቶ ይርዳው ዞረ። አቶ ይርዳው ግን ዝም አሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ዝም። ወይዘሮ አሰበች ጨነቃቸው። «ምን ነካህ አንተ ሰው? የሰው ሰሊጥ ተቃጥሎ ጥፋቱ የኔ ነው ሳትል ውለህ ታድራለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት በማለዳ አቶ ይርዳው ድንበሩ ላይ ያለውን ደረቅ ሣር አቃጥለው ነበር። ለምን ቢሉ፣ ከኔ ማሳ እሳት ተነሥቶ የሐጂን ሰሊጥ ቢበላስ ብለው ሰግተው ነው! ሣር የሌለበትን መሬት እሳት አይሻገረውም። እሳቱን አጥፍተው፣ አፈር አልብሰው ሲጨርሱ ግን አንድ የአባሎ ዛፍ ጉቶ ከሥሩ ቀጭን ጭስ ሲያወጣ አዩ። በዓይናቸው አዩ። ጀሪካኑ ባዶ ነበር፣ ውኃው ሩቅ ነበር፣ እሳቸውም ርቧቸው ነበር። «ይጠፋል» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ለእስረኛው ምሳ ቋጥረው ጣቢያ ሄዱ። ያረጋል በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፤ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም» አለ። አቶ ይርዳው የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግሥቱ ሳጅን አሸናፊ ፊት ቆሙ።

«እሳቱን ያስነሣሁ እኔ ነኝ።»

«እሺ አባባ» አለ ሳጅኑ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ነፋሱንስ?» ፖሊሶቹ ሳቁ።

ቄስ ባየልኝ ዘንድ ሮጡ፤ «ልጄ፣ ራስህን አታስጨንቅ» ተባሉ። ሐጂ ኸሊፋ ሱቅ ገቡ። ሐጂ ትከሻቸውን አቅፈው፣ «ወንድሜ ይርዳው፣ ለኔ ማዘንህን አውቃለሁ፤ አላህ ይስጥህ» ብለው ሻይ አዘዙላቸው። ያን ሻይ እንዴት አድርገው ይጠጡታል? ወይ ጉድ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላጠፉትን ሲናዘዙ ኖረው ያጠፉ ቀን የሚያምናቸው ጠፋ።

ተመልሰው የሳጅኑን እጅ ያዙ። ሸሕዲ ላይ ፖሊስ ሰውን ይዞ ሲሄድ እንጂ ሰው ፖሊስን ይዞ ሲሄድ የታየው ገና ያን ዕለት ነው። ጉቶው ዘንድ ሲደርሱ አፈሩን በአካፋ ገለጡት። ሥሩ አሁንም ፍም ነበር። የተቃጠለው መሬት ከዚያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሐጂ ነዶ ይሄዳል። ሳጅኑ እጁን አስጠግቶ ቶሎ መለሰው።

«አራት ቀን ሙሉ ምን ይጠብቁ ነበር?» አለ ቆጣ ብሎ። «ባጃጅ ሲገለበጥ እኮ በሩጫ ነበር የሚመጡ!»

«ያ የኔ አልነበረም፤ ለመናገር አይከብድም» አሉ አቶ ይርዳው። «ይኸ የኔ ነው።»

ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላቸውን ጻፈ። ያረጋል በዚያው ቀን ተፈታ። አቶ ይርዳው በቸልተኝነት ተከሰው ዳኛው በገደብ ለቀቋቸው። ሽማግሌዎች ገብተው ደግሞ ከራሳቸው ነዶ ለሐጂ እንዲሰጡ ተስማሙ፤ ሠራተኛ ሳያስነኩ በትከሻቸው ተሸክመው ድንበሩን አሻገሩት። ለያረጋል ግን ምን ይስጡት? አራት ቀን በምን ይመለሳል? ገና ሲያዩት አንገታቸውን ይደፋሉ።

አዝመራው ሲያልቅ ለጉዳይ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ያረጋል ወደ አገሩ ሊመለስ ኋላ ተቀምጧል። አይተውታል፤ ሰላም ለማለት ግን ድፍረቱን አጡ። ነጋዴ ባሕርን አለፍ እንዳሉ ጎማው ፈነዳ።

ተሳፋሪው በሙሉ ወደ አቶ ይርዳው ዞሮ ጠበቀ። እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ። ያቺ ቃል አሁን ከአፋቸው አትወጣም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ቁርስ ደግሜ ነው የተሳፈርሁ።»

ያረጋል ነበር። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይርዳው ቀስ ብለው ዞረው አዩትና እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ጎማው ተቀይሮ መልሰው ሲሳፈሩ ያረጋል አጠገቡ ቦታ ይዞላቸው ነበር።