ከስልጠና የመጡት አያ ካሣዬ

ወንበር የማይበቃው መሥሪያ ቤት አይተን ይሆናል፤ ኔትወርክ የሌለውማ ሞልቷል። ከስልጠና የመጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ከጎንደር እስከ አይከል በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ሲሄድ ደህና ሰው ነበር። ሲመለስ ጽሑፍ የታተመበት ቦርሳ በትከሻው፣ አዲስ ቃል በአፉ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ባልደረቦቹን አላህ ይሁናቸው።

ለፈህሚያ የደረሷት አያ ካሣዬ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስታቲስቲክስ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ጎንደር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቢሮ አብረው ዳታ ሳይንስ ይሠራሉ። የየወረዳውን የወባ ሕሙማን ቁጥር ለኮምፒውተር እየሰጡ፣ በሚመጡት ወራት የት ምን ያህል መድኃኒት እንደሚያስፈልግ ይተነብያሉ። በቁጥር አያ ካሣዬን የሚያህል የለም። ምን ያደርጋል፣ ልባቸው ያለው የቡድን መሪነቱ ላይ ነው። ቦታው ክፍት ከሆነ ቆይቷል፤ እሳቸውም የአመራር ስልጠና በተባለበት ሁሉ ከፊት ወንበር አይጠፉም።

"ጥሩ መሪ ነቀፋን በምስጋና ጠቅልሎ ይሰጣል" የሚለውን ከባሕር ዳር ይዘው የመጡ ሰሞን ቢሮው ታመሰ። ባልደረባቸውን ትርንጎን "ዛሬ አለባበስሽ ሸጋ ነው" አሏት፤ ቀጥለው የሠራችው ሠንጠረዥ በሙሉ ስህተት መሆኑን ነገሯት፤ ሲጨርሱ ፈገግታዋን አደነቁ። ከዚያ ወዲህ አያ ካሣዬ ያመሰገኑት ሰው ሁሉ "ምን አጠፋሁ ደግሞ?" እያለ ፊቱ አመድ ይመስላል።

ቀጥሎ "መተማመን" መጣ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ባልደረባው ይቀልበዋል። ፈህሚያ "እኔን በአላህ ይተዉኝ" ብላ ተረፈች። አርአያ ለመሆን አያ ካሣዬ ራሳቸው ቀድመው ወደቁ። ሊቀልባቸው የቆመው ሌላው ባልደረባ፣ ይበልጣል፣ ግን ስልክ ተደውሎለት ወጥቶ ነበር። ክቡርነታቸው ወለል ላይ ተዘርረው እንኳ "ከዚህም እንማራለን!" አሉ።

"ውክልና" ከሁሉም ባሰ። "ፈህሚያ፣ የጭልጋን ዳታ አንቺ አዘጋጂው። ውክልና ማለት ማመን ነው፤ እኔ አልነካውም" አሏት። እውነትም አልነኩትም። ብቻ ማክሰኝት ለቅሶ ሄደው ሳይቀር ከድንኳኑ ጀርባ እየደወሉ፣ "እየጠየቅሁሽ አይደለም፤ የት ደረስሽ?" ይሏት ነበር። አይ አያ ካሣዬ!

ሥራው አልቆ ለጭልጋ ወረዳ ሰዎች ሊያቀርቡት አይከል ሄዱ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ እጅጋየሁ አብረው መጡ። የቡድን መሪውን የሚመርጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ዕለቱ የአያ ካሣዬ ፈተና መሆኑን ያላወቀ የለም። አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። ደግሞም ገለጻው አማረላቸው፤ አነጋገራቸው ረጋ ያለ፣ ሰዉም ልቡን ሰጥቶ የሚሰማቸው።

ፈህሚያ ጥግ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የበራውን የሕሙማን ግራፍ ታያለች። መስከረም በየዓመቱ ከነሐሴ በላይ ብድግ ብሏል። ድንገት ነገሩ በራላት። ጳጉሜን! ጤና ጣቢያዎቹ ለጳጉሜን ብቻውን ሪፖርት አይልኩም፤ የጳጉሜንን ሕሙማን ከመስከረም ጋር ደምረው ነው የሚልኩት። እሷ ሳትለየው ረስታ፣ ኮምፒውተሩ የሠላሳ አምስት ቀኑን በሽተኛ የሠላሳ ቀን አድርጎ ቆጥሮታል። በዚህ ድልድል ከተሄደ ለዓመቱ የተመደበው መድኃኒት መስከረም ላይ ይከመርና፣ ወባው በሚጠናበት በጥቅምትና በኅዳር ቆላው መድኃኒት ያጥረዋል።

አሁን ብትናገር ሰውዬውን በሹመታቸው ደጃፍ ላይ ማዋረድ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የቆላው ሰው በወባ ይተኛል። እጇን አነሣች።

"አያ ካሣዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትንበያው ተሳስቷል። ጳጉሜንን ከመስከረም አልለየሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አያ ካሣዬ ወደ ግድግዳው ዞረው አዩት፤ ወዲያው ገባቸው። ፈህሚያ ከስልጠና የመጣ አንድ ቃል ጠበቀች፤ አልመጣም።

"ልክ ናት" አሉ። "አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ነይ እስቲ ልጄ፤ ዳታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ለሰዎቹ አንቺው አስረጂ።"

ሄደው የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈራ ተባ እያለች ጀመረች፤ ኋላ ግን ለቀቃት። ምን እንደተሳተ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ የታረመው መቼ እንደሚደርሳቸው አንድ በአንድ አስረዳች። ጠየቋት፣ መለሰች። ወይዘሮ እጅጋየሁ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

ሐሙስ ዕለት አስጠርተው የቡድን መሪነቱን ለእሷ ሰጧት።

"እኔ? ኧረ የሳቸው ነው!" አለች ደንግጣ።

"የማንም አልነበረም" አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ። "ሰኞ ስብሰባውን አንቺ ትመሪያለሽ።"

ሰኞ ጠዋት ከስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆመች። በምን ዓይኗ ትያቸው? ስንት ዓመት የተመኙትን ወስዳባቸው! እንዲህ እንደምትወዳቸው እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር። እንደ ምንም ገባች። ትርንጎና ይበልጣል ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

በዕድሜ አባቷ የሚሆኑት አያ ካሣዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ኖር!" አሉ ጮክ ብለው።

ሁለቱም ደንግጠው ብድግ አሉ።

"ኧረ በአላህ፣ አያ ካሣዬ! ኧረ ይቀመጡልኝ!" አለች ፈህሚያ፤ እንባዋ መጣ።

"አንቺ ሳትቀመጪማ አይሆንም" አሉና ቆመው ጠበቋት።