ከመሳፈርህ በፊት ካፒቴንን ጠይቅ

ተናጋሪዎች፦

ቧንቧው፦ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ቅጽል ስሙ ቧንቧው የሆነ፣ ረጋ ያለ ሰው። ዛሬ ከሰዓት ከሚስቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ሊሄድ ነው።

ካፒቴን፦ የቧንቧው ሚስት ታላቅ ወንድም። ሐይቅ ዳር የጀልባ ትኬት ይቆርጥ ስለነበር ሰፈሩ ካፒቴን ይለዋል። እሱም አምኖ ተቀብሏል።

[በአንዲት የወደብ ከተማ፣ የቧንቧው መኝታ ቤት። አልጋው ላይ አፉን የከፈተ ትልቅ ሻንጣ አለ። ቧንቧው ካልሲ ይከታል፤ ካፒቴን ከኋላው እየተከተለ ያወጣል።]

ካፒቴን፦ አውጣው አልኩህ! መርከብ ላይ ካልሲ አይደረግም!

ቧንቧው፦ ለምን?

ካፒቴን፦ ያንሸራትታላ!

ቧንቧው፦ ጫማ አደርግበታለሁ እኮ።

ካፒቴን፦ ጫማ ያለው ሰው ካልሲ ምን ያደርግለታል?

ቧንቧው፦ [ጥቂት አስቦ] እሱስ ቤትም ያው ነው። [ካልሲውን መልሶ ይከታል።]

ካፒቴን፦ ወይ ጣጣ! ሰው ላስተምር ብዬ ከቤቴ መውጣቴ! አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ስንት ዓመት ውሃ ላይ የኖርኩ ነኝ።

ቧንቧው፦ እኔ የማውቀው ውሃ ዳር ነው።

ካፒቴን፦ ዳርና ላይ ምን ለያቸው?

ቧንቧው፦ እኔ እንጃ። ዳሩ አያሰጥምም። ለመሆኑ ጀልባዋ ላይ አንድ ቀን ወጥተህ ታውቃለህ?

ካፒቴን፦ ትኬት ቆራጩ ከተሳፈረ ትኬቱን ማን ሊቆርጥ ነው? አንተ ደግሞ ጥያቄህ!

ቧንቧው፦ እሱም እውነት ነው። እኔ የምልህ ካፒቴን፣ እህትህ አንድ ነገር ጠይቀው ብላኝ ነበር...

ካፒቴን፦ ቆይ! ጥያቄ በኋላ፣ ትምህርት በፊት! [ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ለዚህ ሰው መርከብ ምን ያደርግለታል? ገንዳ ሲያይ መድፈኛውን የሚፈልግ ፍጡር! እህቴ ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። ይሄን አስፈራርቼ ካስቀረሁት ከኔ ሌላ ማን አላት? ዛሬ ካልተሳፈርኩ መቼም አልሳፈር።

ቧንቧው፦ ምን አልክ?

ካፒቴን፦ እያዘንኩልህ ነው። ቁጭ በል እስቲ። የግድ መሄድ አለብህ እንዴ?

ቧንቧው፦ ሚስቴ ምን አለችኝ መሰለህ? «ስልክ በጠራ ቁጥር ቁርስ ጥለህ፣ ሠርግ ጥለህ፣ እኔን ጥለህ ስትሮጥ ኖረሃል። ዛሬ መርከቡ ላይ ካላየሁህ ብቻዬን እሄዳለሁ። ስመለስ ግን ወደዚህ ቤት አይደለም የምመለሰው» አለችኝ።

ካፒቴን፦ ቀልዷን ነው።

ቧንቧው፦ እንጃ። ስትናገር ሻንጣ እየዘጋች ነበር። ሚስቴ ስትቀልድ ሻንጣ አትዘጋም።

ካፒቴን፦ እሺ ይሁን። ለመሆኑ የምታድርበትን ጉድ አይተኸዋል? ካቢን የሚሉትን?

ቧንቧው፦ ልጄ ናት የመረጠችልን። ከታችኛው ፎቅ፣ መሐል ላይ። መርከቡ ሲወዛወዝ ብዙ የማይነቃነቀው እዚያ ነው አለች።

ካፒቴን፦ [እያሾፈ] ልጅህ! የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጣ ባሕር ታውቃለች! እሷ የምታውቀው የወንበሩን መወዛወዝ ነው። ከታች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ? ጠባብ! መስኮት የለ! እጅህን ስትዘረጋ ግድግዳ፣ ቀና ስትል ጣሪያ!

ቧንቧው፦ ከዕቃ ማጠቢያ ሥር ይጠባል?

ካፒቴን፦ ምን?

ቧንቧው፦ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ተጋድሜ ነው። ቀና ማለት ከተቻለማ ሳሎን ነው በለኝ።

ካፒቴን፦ [ጥርሱን ነክሶ] ይሁንልህ። ስልክህስ? ከወደቡ ፈቀቅ እንዳልክ ስልክህ ድንጋይ ነው! ኢንተርኔት እንኳ ብትፈልግ ዋጋው ዓይን ያወጣል። አገር ቢቃጠል አትሰማም። ማንም አያገኝህም!

ቧንቧው፦ [ከአልጋው ብድግ ይላል] ማንም?

ካፒቴን፦ ማንም!

ቧንቧው፦ «ቶሎ ድረስ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል» የሚል ሰውም?

ካፒቴን፦ ማንም አልኩህ እኮ!

ቧንቧው፦ «ትናንት የሠራኸው ዛሬ መልሶ ጀመረው» የሚልስ?

ካፒቴን፦ እሱም!

ቧንቧው፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ] ካፒቴን፣ እንዲህ ያለ ቦታ በምድር ላይ አለ እንዴ? እግዜር ያክብርህ። እኔ እኮ ትንሽ እያመነታሁ ነበር።

ካፒቴን፦ [ለራሱ] ወይ ጉድ! እሳት ላይ ውሃ እደፋለሁ ብዬ ጋዝ ደፋሁበት! [ጮክ ብሎ] ቆይ፣ አትቸኩል። ገና እንደገባህ፣ እግርህን እንኳ ሳትዘረጋ፣ ደወል ይደወላል። ሁሉም ሰው ይሰበሰባል። ተንሳፋፊ ሰደሪያ አምጥተው እንዴት እንደሚታሰር ያሳዩሃል። ልምምድ ነው ይሉሃል። የምን ልምምድ? የመስመጥ!

ቧንቧው፦ ልጄ የመዳን ነው ያለችኝ።

ካፒቴን፦ መስመጥ ከሌለ መዳንን ምን አመጣው? አንተ ሰው አስብ እንጂ!

ቧንቧው፦ እኔም አንድ ቧንቧ ከመፍታቴ በፊት ዋናውን የውሃ መዝጊያ እዘጋለሁ። ይፈነዳል ብዬ አይደለም፤ የሥራ ወጉ ስለሆነ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ ያውቃሉ። ልቤ አረፈ።

ካፒቴን፦ አንጀቴን አቃጠልከው እኮ! [ከወንበር ላይ ትንሽ ቦርሳ ያነሣል] ይሄስ ምንድን ነው? ሻንጣው ሌላ ሻንጣ ወለደ?

ቧንቧው፦ እሱ እጄ ላይ የሚቀር ነው። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይቀበሉንና ክፍል ድረስ የሚያመጡት አመሻሽ ላይ ነው። እስከዚያ ፓስፖርቴ፣ የደም ግፊት ኪኒኔና የዋና ቁምጣዬ ከኔ ጋር ይሁኑ ተብሏል።

ካፒቴን፦ [እየሳቀ] የዋና ቁምጣ! ባሕር መሐል፣ መርከብ ላይ፣ መዋኛ ገንዳ! ውሃ ላይ ውሃ ጭኖ የሚሄድ! ይሄ የጤና ነው?

ቧንቧው፦ [ዓይኑ በርቶ] እኔም ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ውሃውን ከየት ያመጡታል? የት ያፈሱታል? መጸዳጃ ቤቱስ? ያ ሁሉ ሕዝብ ከቁርስ በኋላ እኩል ቢነሣ...

ካፒቴን፦ በቃ! በቃ! ሚስትህ መርከብ ላይ ሥራ እንዳታይ አላለችህም?

ቧንቧው፦ ብላለች። «አንዲት ፒንሳ ባይ ባሕር ውስጥ ነው የምወረውረው» አለችኝ። ፒንሳውን ይሁን እኔን ግን አልገለጠችልኝም።

ካፒቴን፦ አንተን ነው። ደግሞስ ባሕሩ የተነሣ ቀን አንጀትህ በአፍህ ነው የሚወጣው። ማስመለስ ነው፣ ማስመለስ ነው፣ እንደገና ማስመለስ ነው!

ቧንቧው፦ ዝንጅብል ይዣለሁ። ደግሞ ካፒቴን፣ የሰው መጸዳጃ ከፍቼ እጄን እስከ ክርኔ ስከት ያላስመለሰኝ ሰው፣ ማዕበል ነው የሚያስመልሰኝ?

ካፒቴን፦ [ላቡን ይጠርጋል] ምግቡስ? ማታ ማታ ሙሉ ልብስ ለብሰህ ትቀርባለህ። ፊትህ ሦስት ሹካ ይደረደራል። በየትኛው ትጀምራለህ?

ቧንቧው፦ በቀረበኝ።

ካፒቴን፦ ሰው ይስቅብሃላ!

ቧንቧው፦ ይሳቅ። ሊዝናና አይደል የመጣው?

[ካፒቴን ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድንገት ይቆምና ፈገግ ይላል። ቧንቧውን አልጋው ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ይቀመጣል።]

ካፒቴን፦ እሺ ወንድሜ። አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ፤ እንዳትደነግጥ። ከሚስትህ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነህ። በሩን ከፍተህ ብትወጣ ባሕር ነው። «ቧንቧ ፈነዳ፣ መጣሁ» ብለህ የምትሸሽበት ደንበኛ የለህም። ስንት ዓመት ያጠራቀመችውን አንድ በአንድ ታወርድልሃለች። እህቴን አውቃታለሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ነገር አትረሳም።

[ቧንቧው የያዘውን ሸሚዝ ጉልበቱ ላይ ያኖራል።]

ቧንቧው፦ እሱ ያስፈራኛል።

ካፒቴን፦ [በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው] ያስፈራል! ያስፈራል እንጂ! ቢያስፈራህ አይፈረድብህም!

ቧንቧው፦ ማታ ስገባ ተኝታለች። ጠዋት ስወጣ ተኝታለች። ካፒቴን ሙት፣ ከሷ ጋር ስለ ምን እንደሚወራ ረስቼዋለሁ። ባለፈው ቁርስ ላይ ስለ አየሩ ጠየቅኳት፤ እንግዳ መሰልኳት መሰለኝ ስኳር አቀረበችልኝ። ስኳር ከተውኩ ስንት ጊዜዬ ነው! እንዲህ ሆነን ነው ያለነው። ላውርድብህ ብትለኝ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ለዚህ ነው የምሄደው።

ካፒቴን፦ [ለራሱ፣ ተስፋ ቆርጦ] አለቀልኝ! የሚፈራውን ነገር ሳገኝለት እሱም ወደ መርከቡ ይገፋዋል!

ቧንቧው፦ አሁን ግን ጥያቄዬን ልጠይቅህ። አንተ ብትሆን ትሄድ ነበር?

ካፒቴን፦ እኔ?

ቧንቧው፦ አዎ። ይሄን ሁሉ የምታውቅ ሰው የምትሄድበት ከሆነ እኔም ደፍሬ እሄዳለሁ ብዬ ነው።

ካፒቴን፦ [ለራሱ] እሄዳለሁ ካልኩት ይብስ ይበረታታል። የመጨረሻው ዕድሌ ይሄ ነው! [ጮክ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ] እኔ በሰንሰለት ታስሬ ብጎተት አልሄድም!

ቧንቧው፦ በነፃ ቢሆንስ?

ካፒቴን፦ በነፃ ሆኖ ደሞዝ ቢጨምሩበት!

ቧንቧው፦ መስኮት ያለው ክፍል ቢሰጡህስ?

ካፒቴን፦ በመስኮቱ እወጣለሁ! መርከብ አእምሮ ለሌለው ሰው ነው።

ቧንቧው፦ በደንብ አስበህበታል? በኋላ እንዳታዝንብኝ።

ካፒቴን፦ አባቴ ይሙት አልሄድም!

ቧንቧው፦ እሺ። [ስልኩን አውጥቶ ቀድማ ወደብ ለሄደችው ሚስቱ ይደውላል] ሃሎ። አዎ፣ ጠየቅኩት... አይ፣ አልፈልግም ነው የሚለው... በነፃም ቢሆን አልኩት... መስኮቱንም ነግሬዋለሁ፣ በሱ እወጣለሁ አለ... አዎ፣ አባቴ ይሙት ብሏል... እሺ። እንግዲያው እሷን አስመዝግቧት። [ይዘጋል።]

ካፒቴን፦ ምንድን ነው የጠየቅከኝ?

ቧንቧው፦ ጠዋት አንድ መንገደኛ ታሞ ቀረና ቦታው ተለቀቀ። ልጄ ቶሎ ብላ ያዘችው። ከኛ ክፍል ፊት ለፊት ነው። እህትህ ወዲያው «ለወንድሜ ነው» አለች። «ዕድሜ ልኩን ስለ መርከብ እያወራ አንድ ቀን ሳይሳፈር ሊሞትብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

ካፒቴን፦ [ቀስ ብሎ] አለቀሰች?

ቧንቧው፦ አለቀሰች። «ግን ኩሩ ነው፤ በቀጥታ ብለምነው እምቢ ይላል፤ አንተ ቀስ ብለህ ልቡን እይልኝ» አለችኝ። ቀስ ብዬ አየሁ።

ካፒቴን፦ ደውል! አሁኑኑ መልሰህ ደውል! ቀልዴን ነው በላት!

ቧንቧው፦ አባቴ ይሙት አልክ እኮ።

ካፒቴን፦ አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ቀብሩ ላይ አልነበርክም እንዴ?

ቧንቧው፦ ነበርኩ። መሐል ላይ ተደውሎልኝ ወጣሁ እንጂ።

ካፒቴን፦ ደውል ነው የምልህ! ማንን ነው ያስመዘገባችሁት?

[ከውጭ የታክሲ ክላክስ ይሰማል። ካፒቴን ሮጦ መስኮቱን ይከፍታል። እንደ ከፈተ ይደርቃል።]

ካፒቴን፦ ሚስቴ ታክሲው ውስጥ ምን ትሠራለች?

ቧንቧው፦ እሷማ ከጠዋት ጀምሮ እየተዘጋጀች ነው።

ካፒቴን፦ ከጠዋት? ሳልጠየቅ?

ቧንቧው፦ «ምንም ዓይነት ጥያቄ ብትጠይቁት የሚመልሰውን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አውርቶ እስኪጨርስ ሻንጣዬን ላዘጋጅ» አለች። ፓስፖርቷንም ይዛለች።

ካፒቴን፦ የኔን ባርኔጣ አድርጋለች እኮ! [በመስኮቱ እጁን እያወናጨፈ] አንቺ ሴትዮ! መርከብ አደገኛ ነው! ... እጇን እያወዛወዘችልኝ ነው። ደህና ዋል እያለችኝ ነው!

ቧንቧው፦ [ሻንጣውን ይዘጋል፣ ትንሹን ቦርሳ ትከሻው ላይ ያደርጋል] በል ካፒቴን፣ መርከቡ ሰው አይጠብቅም። ስለ ምክርህ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ካፒቴን፦ እኔስ? እኔ ምን ልሁን?

ቧንቧው፦ [ስልኩን እጁ ላይ ያኖርለታል] እዚያ ድንጋይ ነው ካልከኝ ምን ብዬ ልሸከመው? ደንበኞቼን ዝም ብዬ ጥዬ ልሄድ ነበር፤ ሆዴ አልቻለም። «የማያውቀው ነገር የሌለ አማች አለኝ፣ ቢቸግራችሁ እሱን ጠይቁ» ብዬ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። ደህና ሰንብት።

[ቧንቧው ይወጣል። የታክሲው በር ሲዘጋ፣ ሁለት ሰው ሲሳሳቅ፣ ታክሲው ሲርቅ ይሰማል። ካፒቴን ባዶው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ስልኩ ይጮኻል። አያነሣም። ደግሞ ይጮኻል። ዙሪያውን ያይና ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሣል።]

ካፒቴን፦ ሃሎ... አዎ እመቤት፣ እኔ ነኝ አማቹ... [ደረቱን ነፋ አድርጎ] ምንም አይረበሹ፤ ስለ ቧንቧ እኔን ነው መጠየቅ... እስከ ቁርጭምጭሚትዎ?... ኧረ ይሄ ተራ ነገር ነው... እስከ ጉልበትዎ?... አሁን እያወራን ሳለ ነው የጨመረው?... [ከአልጋው ይነሣል፤ ድምፁ እየወረደ ይሄዳል] እመቤት... አይጩሁብኝ እመቤት... እባክዎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት... ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚዘጋው?

[መጋረጃ]