ቤቲቱ ሽማግሌ ላከች

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከረባት እንዳሰርኩ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሕልም አየሁ። ሰው ሕልም የሚያየው ማታ ነው፤ እኔ ግን የምኖረው ሞምባሳ ነው፣ እዚህ የባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ቀኑ ራሱ ያቃዣል።

ከሕልሙ በፊት የነበረውን ላስቀድም። የከባድ መኪና ራዲያተር ጠጋኝ ነኝ። ከባለቤቴ ከየሺመቤትና ከልጃችን ከፌቨን ጋር ቻንጋምዌ በሚባለው ሰፈር በሁለት ክፍል እንኖራለን። አንዱ ክፍል የሴቶቹ መኝታ ነው። ሌላው ሳሎን ነው፤ እኔ እዚያው ሶፋው ላይ ጉልበቴን አጥፌ አድራለሁ። ሰፋ ያለ፣ ግን አቅሜ የሚችለው ቤት ፍለጋ ያልረገጥኩት ሰፈር የለም። ኒያሊ ቆንጆ ናት፤ ዋጋዋን ሲነግሩኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተመለስኩ። ሊኮኒ ርካሽ ናት፤ ግን ባሕሩን ፌሪ በሚሉት ትልቅ ጀልባ ካልተሻገሩ አይደረስባትም። ምትዋፓ ርካሽም ቆንጆም ናት ይላሉ፤ ብቻ እሷ ጋ ደርሶ ለመመለስ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ትናንት ደግሞ ለፌቨን ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ። ኢዮስያስ ይባላል፣ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳል፣ ሲበዛ ጨዋ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ቤት የለውም። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ ነው የሚያድረው። እሱም እንደኔው ቤት ፈላጊ ስለሆነ አንድ ቀን ባምቡሪ ሰፈር የሚከራይ ቤት በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመን፣ ሁለታችንም «ለጓደኛ ነው» ተባብለን ተለያየን።

ጠዋት ለየሺመቤት ቁርጡን ነገርኳት።

«ቤት ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«አንተስ መች ቤት ኖሮህ ነው እኔን ያገባኸኝ?»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«እንግዲያው ተመለሱ በላቸው። ደንቡም እሱ ነው። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ነው የሚመስለው። ብቻ እንዳትተኛ፣ ሸሚዝህ ይጨማደዳል።»

አልተኛም ብዬ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ የቤት ማስታወቂያ ማገላበጥ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ነው።

ስወጣ ከተማው ተገለባብጧል። ሰው ሁሉ ጥላ ሥር እግሩን ዘርግቶ የኮኮናት ውሃ ይጠጣል፤ በፀሐይ የሚንከራተቱት ቤቶቹ ናቸው። አንድ ቪላ ላቡን እየጠረገ በባጃጅ ሲያልፍ አየሁ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሏል። አንድ ባለ አራት ፎቅ ደግሞ ደረጃውን አቅፎ የመንገድ ዳር ላይ ቆሟል። «ሰው ያላችሁ! ኧረ አንድ ቤተሰብ ያላችሁ!» ይላል። አላፊ አግዳሚው «እግዜር ይስጥህ» እያለ ያልፈዋል።

ከረባቴን ያየ አንድ ሸርጣን እየሮጠ መጣ። ደላላ ነበር።

«ጌታዬ፣ ለእርስዎ የተፈጠረች ቤት አለችኝ። አሁኑኑ ይከተሉኝ!»

ተከተልኩት። በጎን ነው የሚሄደው፣ እኔም በጎን ሄድኩ። ደላላ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼ ስለማላውቅ አልገረመኝም።

«ኮሚሽንህስ?» አልኩት።

«ኧረ በእናትዎ! የምከፍለው እኔ ነኝ። ቤት ልይ ብለው ከሶፋዎ ተነሥተው!»

ፌሪው ጋ ደረስን። ፌሪው መሀል ባሕር ላይ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱት ሁለቱ ዳርቻዎች ናቸው። ሊኮኒ ከነገበያዋ፣ ከነማንጎ ዛፎቿ እየተንሳፈፈች መጥታ እግሬ ሥር ተጠጋች። «ይሳፈሩ እንጂ» አለችኝ። ሰፈር ላይ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። መሀል ላይ ስንደርስ የሺመቤትን አየኋት። ካውያ ይዛ፣ ውሃው ላይ ተንበርክካ ማዕበሉን ትተኩሳለች።

«እንዳትተኛ ብዬህ ነበር» አለችኝ ቀና ሳትል። «ይኸው ባሕሩን ሁሉ አጨማደድከው።»

ባሻገር ያሉት ሰፈሮች በሙሉ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ኒያሊ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። «ያን ቀን የተናገርኩትን ዋጋ ይርሱልኝ፤ ጓደኛ አሳስቶኝ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። ምትዋፓ «ሩቅ ናት እያሉ ስሜን የሚያጠፉት ጎረቤቶቼ ናቸው። ይጥሩኝ፣ ሻይዎ ሳይበርድ እደርሳለሁ» አለች። ከሰፈሮቹ ኋላ አከራዮች ቆመዋል። አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ «ሳላንኳኳ አልገባም፣ ሳላንኳኳ አልገባም» እያለ ያጠናል። ደስታዬን የት ላድርሰው! ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በር ላይ ቆሜ የተጠየቅሁትን ሁሉ የምጠይቅበት ቀን መጣ።

የከተማው መሐንዲስ ፍየል ነበረች። ማኅተም በአንገቷ አንጠልጥላ የቤቶቹን ግድግዳ በየተራ ትልሳለች። «ጨው» ትላለች፣ ታልፋለች። «ጨው። ደንብ ነው፣ ባሕር ዳር ነው።» አንዱን ስትልስ ግን ፊቷን አጨፈገገች። «አንተ ሲሚንቶ የሚባል ቀምሰህ ታውቃለህ?» ቤቱ አፍሮ መስኮቶቹን ዘጋ።

ሸርጣኑ አንዲት ትንሽ ቤት ፊት አቆመኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ደጇ ላይ ማንጎ ዛፍ፣ በረንዳዋ ላይ ሁለት ወንበር የሚችል ጥላ አላት። ሳያት ወደድኳት። ወዲያው ግን አከራይ እንደሚያደርገው ኮሶ የጠጣ ሰው መሰልኩና ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነን። ኩሽናዋ እህቴ ናት፤ ድምጿ አይሰማም።»

«እንግዳ ታበዣለሽ?»

«ነፋስ ብቻ ነው የሚመጣብኝ። እሱም በአንዱ መስኮት ገብቶ በአንዱ ይወጣል፤ አያድርም።»

«ውሃስ?»

«ዝናብ ሲመጣ ጣራዬ ትንሽ ያፈስሳል» አለች ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «ግን እየተውኩት ነው። እውነቴን ነው።»

«በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ወዴት ሄጄ? ሁልጊዜም እዚሁ ነኝ።»

አንጀቴን በላችው። እኔም ስንቱ በር ላይ እንዲሁ ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ፍየሏ መጥታ ግድግዳዋን ላሰችና ትንሽ ቆይታ ደግማ ላሰች። «ይቺስ ጥሩ ናት» አለች። እሺ ልል አፌን ስከፍት ሸርጣኑ የሱሪዬን ጫፍ ያዘ።

«ነውር ነው! ጨዋ ሰው እንዲህ ከመንገድ ላይ አይወሰድም። ሽማግሌ ትላክ።»

ቤቲቱ ሐፍረት ይዟት በሯን በመጋረጃዋ ሸፍና ሄደች።

ወዲያው እኛ ቤት ሆንን። ሶፋው ላይ ፌቨን የኔን ከረባት አስራ፣ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። እኔ ነጠላ ተከናንቤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። በሩ ተንኳኳና ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንደኛው ጎባጣ የኮኮናት ዛፍ ነው፣ ሁለተኛዋ ፍየሏ፣ ሦስተኛው ፌሪው። ፌሪው በሩ ስለጠበበው አፍንጫውን ብቻ አስገባ።

«ቁጭ በሉ» አለች ፌቨን።

«አንቀመጥም ልጄ» አለ ኮኮናቱ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም ወንበር አንነካም። አባትሽን ለቤታችን እንድትሰጪን ነው የመጣነው።»

ፌሪው ነገሩን ለማጠንከር አንዴ ጡሩምባውን ነፋ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

ፌቨን ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አጠራረጓ የኔው ነው።

«ቤቷ መልካም ናት ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ሰው የላትም። ሰው ለሌላት ቤት አባቴን አልሰጥም። መጀመሪያ ሰው ታግኝና ትምጣ።»

«ልጄ፣ ሰው የምታገኘው እኮ አባትሽን ስትሰጪን ነው።»

«ያ የራሷ ጉዳይ ነው። ደግሞም አባቴ ገና ልጅ ነው። የጀመረውን ራዲያተር ይጨርስ።»

«ለመቼ እንመለስ?»

«ተመለሱ ብያለሁ እንጂ መቼ እንደሆነ አላልኩም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ደሜ ፈላ። ይቺን ልጅ እንዲህ ድንጋይ አድርጎ ያሳደጋት ማን ነው? በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ቤቲቱ ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ ለሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ነው መሰለኝ አንድ ሙሉ ዘለላ ማንጎ ታቅፋ ትጠብቃለች። ኮኮናቱ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅባት ማንጎዎቹ አንድ በአንድ ከእቅፏ ወደቁ። መስኮቶቿ ቀስ እያሉ ተዘጉ። ሸርጣኑ ለሌላ ሰው ሊያሳያት በጎን በጎን እየጎተተ ይወስዳት ጀመር።

መናገር ለኔ ነውር ነበር። የሚጠየቅ ሰው ጓዳ ሆኖ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ፍየሏ ግን ኀዘኑ ቢጠናባት የመጋረጃውን ጫፍ መብላት ጀመረች፤ ትበላለች፣ ታላቅሳለች፣ ትበላለች። መጋረጃው አለቀና ነጠላዬን እንደተከናነብኩ አደባባይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ሐፍረት አለ? ሶፋው ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ።

«ሰጥተናል! ኧረ ሰጥተናል! አትሂዱ፣ ሰጥተናል!»

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። እውነትም ሶፋው ላይ ቆሜያለሁ። ከረባቴ ዞሮ ጀርባዬ ላይ ወርዷል። በሩ ሥር ሦስት ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል። ፊት የቆሙት የኢዮስያስ ሽማግሌ አቶ ወርቅነህ «የመጣንበት ጉዳይ…» እንዳሉ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

«ሰጥተናል ነው ያሉት?» አለ መካከለኛው ቀስ ብሎ።

«ሦስት ጊዜ» አለ የመጨረሻው። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ይህን ተባብለው ሦስቱም ለእነሱ በተዘጋጁት ወንበሮች ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የሺመቤት ከጓዳው በር ሆና በዓይኗ ጠበሰችኝ። ኧረ ሕልም ነው ልል ነበር። ግን ከየሺመቤት ጀርባ ፌቨንን አየኋት። መጋረጃውን ጨብጣ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ይህን የመሰለ ፊት ልጄ ላይ አይቼ አላውቅም። ልጄ ደስ ሲላት ደስ የማይለኝ ሰው አይደለሁም።

«እንግዲህ ተሰጥቷል» አልኩ፣ ከሶፋው እየወረድኩ።

የሺመቤት እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ብቅ ብቅ አለ። አቶ ወርቅነህ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ተባረኩ አቶ አየነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቤት የለውም ብለው እንዳይመልሱን ፈርተን ነበር። አሁን ከሰጡንማ፣ ልጁ ቤት እስኪያገኝ ድረስ ሙሽሮቹ ለጊዜው እዚሁ ከእናንተው ጋር…»

ሳሎኑን ዙሪያውን በዓይናቸው ለኩት።

«ቦታው ነው እንጂ ችግሩ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እንደምታዩት ከሶፋው በቀር ሌላ መኝታ የለም።»

«ታዲያ ሶፋው ምን አነሰው?» አለች የሺመቤት። ጎንበስ ብላ ከሥሩ አንድ ነገር ሳበች። ሶፋው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ብሎ ተዘረጋና የተንጣለለ የሁለት ሰው አልጋ ሆነ።

ያን ሁሉ ዓመት ጉልበቴን አጥፌ ሳድርበት፣ እንደሚዘረጋ የነገረኝ ሰው የለም።