የሙሽራዋ አማት

እኔ የምለው፣ አስፈሪ ፊልም የሚያስፈራው ማንን ነው? እኔን ባለፈው ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ያስፈራችኝ የፊልሙ ሟች አይደለችም። ከጎኔ ተቀምጣ ፈንዲሻ የምትበላው ዘይነባ ናት።

ዘይነባ የሃላባ ልጅ ናት፤ እዚህ በስደት ባለንበት የዙሉዎች ሰፈር፣ ቮስሎሩስ፣ ሱቆቻችን ጎን ለጎን ናቸው። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ፤ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ መዝገበ ቃላትና እልህ ናቸው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ያነበብኩትን እተርክላታለሁ። እሷ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ እያለ ለሚጠራት ዙሉ ደንበኛችን በተሰባበረ ዙሉ ታቀብላታለች። ሰፈሩ ውስጥ ያለኝ ክብር በሙሉ ይኸው ነው፤ ማንበቤ።

አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሻጭ አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁ። በሠርጓ ማግሥት የሞተች ሙሽራ ቀለበቴን አምጣ እያለች የባሏን በር ታንኳኳለች። ትረካው ሳምንት ፈጀ። መጨረሻው ጋ ስደርስ ለካ ገጾቹ ተገንጥለዋል። ምን ላድርግ? ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ፈጠርኩ። አማትየዋ ወጥታ፣ የሞተ ሰው እንዲህ ቤት ለቤት አይዞርም ብላ ተቆጣቻት፤ ቀለበቷን ሰጥታ እስከ መቃብሯ ሸኘቻት አልኩ። ጎጎ አለቀሰች።

ሆሊውድ ምን እንደነካው እንጃ፣ ድሮ ከዚሁ መጽሐፍ የሠራውን ጥቁርና ነጭ ፊልም እንደ አዲስ ሠርቶት አረፈ። ዘይነባ ማስታወቂያውን አይታ ሦስት ትኬት ቆረጠች። ጨጓራዬን አመመኝ አልኩ። ፊልም መጽሐፍ ያበላሻል አልኩ። ማን ሰምቶኝ? ውሸቴ ሊወጣ ነው።

ሙሽራዋ ባንኳኳች ቁጥር አዳራሹ ይጮሃል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ ባልየው ቤቱ ላይ እሳት ለቀቀበትና ሁለቱም ነደዱ። መብራት በራ። አማት የለች፣ ሽኝት የለ። ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ።

ጎጎ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች። ትልቅ ሰው ሳይኖር ከሙት ጋር ማን ይነጋገራል፣ እነዚህን ማን አሳደጋቸው እያለች ተናደደች። ዘይነባማ ባሰባት። አማትየዋን የት አደረሷት ብላ ፈንዲሻዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነሳች። ከዚያ በሐዘኔታ ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም።"

"አትፍረጂባቸው" አልኳት፤ "ሥራ ይበዛባቸዋል።"